መኝታ ቤት የሚቆራረጥ ስልክ፤ ኩባንያ ልቀይር ወይስ ልታገስ?

ጥያቄ፦ «ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ቁጥር አለኝ። መኝታ ቤት ሆኜ ሳወራ ይቆራረጣል፤ ሥራ ቦታ ግን ምንም ችግር የለበትም። የሥራ ባልደረባዬ ሌላ ኩባንያ ነው የሚጠቀመው፤ ኢንተርኔቱ ይበራል፣ ጥቅሉም ከእኔ ይረክሳል። ስልኬን ከአሁኑ ኩባንያ በየወሩ እየከፈልኩ ነው የወሰድኩት፤ አምስት ወር ይቀረኛል። የባንክ ኮድ የሚመጣልኝ በዚሁ ቁጥር ነው። ቤት ዋይፋይ አለኝ። ቁጥሬን ይዤ ልቀይር ወይስ ልታገስ? ቁጥሬ እንዳይጠፋብኝም እፈራለሁ።»

ምላሽ፦ ዋናውን ነገር እግረ መንገድዎን ጠቅሰው አልፈውታል። መኝታ ቤት ይቆራረጣል፣ ሥራ ቦታ ደህና ነው። ስልኩ አንድ፣ ሲሙ አንድ፣ ኩባንያው አንድ፤ ውጤቱ ግን ሁለት። እንግዲህ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ስለዚህ «የቱ ኩባንያ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ እርስዎን አይጠቅምም። የሚጠቅምዎት «ትራሴ አጠገብ በደንብ የሚደርሰው የማን የኔትወርክ ማማ ነው?» የሚለው ነው። ይህን ባልደረባዎ ሊመልስልዎት አይችልም። እሱ የሚያውቀው እሱ የሚውልበትንና የሚያድርበትን ቦታ ነው። ቢሮ ውስጥ ስልኩ ላይ ሲበር ያዩት ኢንተርኔት ስለ እርስዎ መኝታ ቤት ምንም አይናገርም። ደግሞ ቢሮ ውስጥ የእርስዎም ደህና ነው ብለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክዎ ከማማው ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ሞገድ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ዝቅ ያሉት፣ ማለትም 700፣ 800 እና 900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉት፣ ሩቅ ይጓዛሉ፤ ግድግዳም በተሻለ ሁኔታ ያልፋሉ። ጉድለታቸው ብዙ ዳታ አለመሸከማቸው ነው። ከፍ ያሉት፣ ለምሳሌ ለ5ጂ በብዛት የሚውለው 3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው፣ ብዙ ዳታ ይሸከማሉ፤ ግን ቶሎ ይደክማሉ፣ ግድግዳ ሲያጋጥማቸው አብዛኛው ጉልበታቸው እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው አንድ ኩባንያ መንገድ ላይ እንደ እሳት እየፈጠነ ቤት ሲገቡ እንደ ሻማ የሚጠፋው። ሁለት ኩባንያዎች አንቴናቸውን አንድ ማማ ላይ ሰቅለው እንኳ እርስዎ ቤት የሚደርሰው የአንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የተሰጣቸው ሞገድ ይለያያል፤ አንቴናቸው የዞረበት አቅጣጫም ይለያያል። «ማማው እኮ ከቤቴ ይታየኛል» የሚል ሰው በየሳምንቱ ይገጥመኛል። መታየቱ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። የእርስዎ ኩባንያ ማማ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም ወደ እርስዎ ላይመለከት ይችላል።

ቤቱ ራሱም ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛ አዲስ አፓርታማ ከገባች ጀምሮ ስልኳ አልሠራ ብሎ ጠራችኝ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ኩባንያ ቀይራለች። ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀምጠን የኔትወርኩን ኃይል ስናየው -117 ይላል፤ ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ወስደን የተዘጋው መስኮት ሥር አስቀመጥነው፤ -112። ከዚያ መስኮቱን ከፈተችው። ቁጥሩ ትንሽ ዋለለና -91 ላይ ቆመ። በእነዚህ በ-117 እና በ-91 መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ወደ 400 እጥፍ ነው። ጥፋተኛው መስታወቱ ነበር። ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዳያስገባ ተብሎ በስሱ ብረት የተቀባ መስታወት የስልክ ሞገድንም ይመልሳል። ሴትዮዋ ኩባንያ በቀየረች ቁጥር ያንኑ መስታወት ነበር የምታገኘው። ሲሚንቶው የወፈረ ግድግዳ፣ የብረት ጣሪያ፣ ምድር ቤት፣ ከአልጋ ራስጌ የተደገፈ ትልቅ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን፣ ሁሉም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ።

የስልክዎን አናት ላይ ያሉትን የኔትወርክ መስመሮች አይመኑ። ስንት መስመር መቼ እንደሚታይ የሚወስነው የስልኩ አምራች ነው፤ ዓለም አቀፍ ስምምነት የለውም። አንዱ ስልክ ሦስት መስመር በሚያሳይበት ቦታ ሌላው ሁለት ሊያሳይ ይችላል፤ ኔትወርኩ ግን ያው ነው። ትክክለኛው መለኪያ ዲቢኤም ይባላል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ሥር የሲም ሁኔታን ሲከፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ያገኙታል። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብለው ሲደውሉ የመለኪያ ገጽ ይከፈታል። ቁጥሩ ሁልጊዜ የመቀነስ ምልክት አለው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ለ4ጂ -80 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው። -100 ያሠራል። ከ-110 ሲያልፍ ድምፅ መቆራረጥ ይጀምራል፣ -120 ሲደርስ ከናካቴው ሊጠፋ ነው ማለት ነው። እርስዎ አልጋ ላይ ሆነው ያለውን ቁጥር ዛሬ ማታ ይዩ። ከዚያ መስኮት አጠገብ፣ ከዚያ ሳሎን። ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ስለ ፍጥነት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አንድ ማማ ያለውን አቅም በዙሪያው ላሉ ሰዎች ሁሉ ያካፍላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተለካ ፍጥነት ባዶ መንገድ ላይ እንደተነዳ መኪና ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት የሚለካው ነው እውነተኛው። አዲስ ገበያ የገባ ኩባንያ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚፈጥነው ብዙ ጊዜ ደንበኛው ገና ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ሰው ሲበዛ ማማ ካልጨመረ ያው እንደሌላው ይሆናል። በዚያ ላይ ከሚበቃዎት በላይ ለሆነ ፍጥነት ገንዘብ አይክፈሉ። ስልክ ላይ ጥራት ያለው ቪዲዮ ለማየት በሰከንድ 5 ሜጋቢት አካባቢ ይበቃል። 200 ቢያሳይዎት ቪዲዮው አይበልጥ አይረዝም።

ሌላም ወጥመድ አለ። የራሳቸው ማማ የሌላቸው፣ ከትልልቆቹ ኔትወርክ ተከራይተው በራሳቸው ስም የሚሸጡ ኩባንያዎች በብዙ አገር አሉ። ርካሽ የሚሆኑትም ለዚህ ነው። ሊሄዱበት ያሰቡት ኩባንያ ከአሁኑ ኩባንያዎ የተከራየ ከሆነ መኝታ ቤትዎ ውስጥ የሚያገኙት ያንኑ ሞገድ ነው። ስሙ ተቀይሮ መቆራረጡ ይቀጥላል። አንዳንዱ ውል ደግሞ ማማው ሲጨናነቅ ቅድሚያ ለባለቤቱ ደንበኞች እንዲሰጥ ያደርጋል፤ ተከራዩ ይዘገያል። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ቤቱ ኔትወርክ ለማይቸግረውና ወጪ መቀነስ ለሚፈልግ ሰው እንዲያውም እኔ ራሴ የምመክራቸው ናቸው። የእርስዎ ችግር ግን ይሄ አይደለም። ከመወሰንዎ በፊት «የማንን ኔትወርክ ነው የምትጠቀሙት?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋይፋይዎ። ይህቺን ቃል ጥያቄዎ ውስጥ ባላይ ኖሮ ምላሼ ሌላ ይሆን ነበር። ዋይፋይ ኮሊንግ የሚባል ነገር አለ። ጥሪው በማማው ፈንታ በቤትዎ ኢንተርኔት በኩል ይሄዳል፤ ቁጥርዎ ያው፣ የሚደውልልዎትም ሰው ምንም ልዩነት አያይም። ሌላ አፕሊኬሽን አያስፈልግም። ስልኩም ኩባንያውም የሚደግፉት ከሆነ ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ ማብራት ብቻ ነው። ካበሩት በኋላ ስልኩን የበረራ ሞድ ላይ ያድርጉ፣ ዋይፋዩን ብቻ ይክፈቱ፣ ከዚያ ይደውሉ። ጥሪው ከሄደ ችግርዎ ግማሽ ተፈቷል፤ ያውም ያለ አንድ ሳንቲም። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። የድንገተኛ አደጋ ቁጥር ሲደውሉም ያሉበት ቦታ በትክክል ላይታወቅ ይችላል፤ አድራሻዎን በአፍዎ ይናገሩ። ገበያ ላይ የሚሸጡ «የኔትወርክ ማጉሊያ» ዕቃዎችን ግን ያለ ኩባንያው ፈቃድ አይግዙ። ብዙ አገር ውስጥ ክልክል ናቸው፤ ምክንያቱም በደንብ ካልተሠሩ የጎረቤትን ሁሉ ኔትወርክ ያበላሻሉ።

ወደ ፍርሃትዎ ልለፍ፣ ወደ ቁጥሩ። ቁጥር ይዞ መዛወር አዲስ ነገር አይደለም። ለሞባይል ሲንጋፖር በ1997 እ.ኤ.አ. ጀመረችው፣ እንግሊዝ በ1999፣ አሜሪካ በ2003 ተከተሉ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ መዛወሩ በአንድ የሥራ ቀን እንዲያልቅ ያስገድዳል። አሠራሩ በሚፈቅድበት ቦታ ሁሉ ቁጥሩ የሚጠፋው በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፦ ሰውዬው ተናዶ መጀመሪያ አሮጌውን መስመር ይዘጋል፣ ከዚያ አዲሱ ጋ ሄዶ «ቁጥሬን አምጡልኝ» ይላል። የተዘጋ ቁጥር የሚዛወርበት መንገድ የለም ወይም በጣም ጠባብ ነው። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። አሮጌው መስመር እየሠራ እያለ አዲሱ ኩባንያ ጋ ሄደው ይጠይቃሉ፤ አንዳንድ ቦታ መጀመሪያ ከአሮጌው ኩባንያ የመዛወሪያ ኮድ መውሰድ ያስፈልጋል። ቁጥሩ አዲሱ ጋ ሲገባ አሮጌው በራሱ ይዘጋል። ስምዎ ሁለቱም ጋ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም ያረጋግጡ። መስመሩ በወንድምዎ ወይም በቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ ስም ከሆነ መጀመሪያ ወደ ራስዎ ስም ያዙሩት፤ ብዙ ዝውውር ውድቅ የሚሆነው በዚህች ነው።

የሚዛወረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ቀሪ ሒሳብ፣ ያልተጠቀሙበት ጥቅል፣ ያጠራቀሙት ነጥብ፣ የድምፅ መልእክት ሳጥን አብረው አይሄዱም። በብድር የወሰዱት የአየር ሰዓት ካለ አስቀድመው ይክፈሉ። ከመስመሩ ጋር የተያያዘ የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ ካለዎት ብሩን አውጥተው ይሂዱ፤ ሒሳቡ የኩባንያው እንጂ የቁጥሩ አይደለም። ሲሙ ላይ የተቀመጡ ስሞችን ወደ ስልኩ ይገልብጡ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ግን ቁጥሩ እስካልተቀየረ ድረስ ምንም አይሆኑም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የሚደውሉልዎት ሰዎች ኪስ። በብዙ ቦታ በአንድ ኩባንያ ውስጥ መደወል ይረክሳል፤ ወደ ሌላ ሲሻገር ይወደዳል። እርስዎ ቁጥርዎን ይዘው ሲዛወሩ የቁጥሩ መጀመሪያ አሮጌውን ኩባንያ ይመስላል፣ ጥሪው ግን አዲሱ ጋ ነው የሚያርፈው። እናትዎ በአንድ ኩባንያ ውስጥ ለመደወል የገዙትን ጥቅል ተማምነው ለአንድ ሰዓት ካወሩ በኋላ ሒሳባቸው ሲያልቅ የሚገርማቸው በዚህ ነው። ቤተሰብዎ ሁሉ አንድ ኩባንያ ላይ ከሆነ ይህን ስሌት ውስጥ ያስገቡት።

የባንክ ኮዱ ጉዳይ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ቁጥሩ በሚሻገርባቸው ሰዓታት አንዳንዴ መደወል እየተቻለ አጭር መልእክት አይገባም፤ አንዳንዴ ከአንዱ ላኪ ይገባል፣ ከሌላው አይገባም። ባንኩ የሚጠቀመው መልእክት ላኪ ድርጅት አዲሱን መንገድ እስኪያውቅ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዝውውሩን ደመወዝ በሚገባበት ቀን፣ ጉዞ ሊወጡ ሲሉ ወይም ዓርብ ከሰዓት በኋላ አያድርጉ። የሳምንቱ መሃል ላይ፣ ጠዋት ይሻላል፤ ችግር ቢፈጠር የሚያናግሩት ሰው ቢሮው ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት የኢሜልዎንና የማኅበራዊ ሚዲያዎን ማረጋገጫ ከአጭር መልእክት ወደ ኮድ አመንጪ አፕሊኬሽን ቢያዛውሩት ከዚህ ጭንቀት ሁሉ ይገላገላሉ። ባንክዎ በራሱ አፕሊኬሽን የሚያረጋግጥበት አማራጭ ካለውም ይጠቀሙበት።

እዚህ ላይ ሌቦችም አሉ። የመዛወሪያ ኮድ የቁጥርዎ ቁልፍ ነው። «ከኩባንያው ነው የምደውለው፣ ኮዱን ንገሩኝ» የሚል ሰው ኩባንያው አይደለም። ኮዱን ያገኘ ሰው ቁጥርዎን ወደ ራሱ ሲም ያዞራል፤ ከዚያ የባንክ ኮድ የሚመጣው ለእሱ ነው። ዝውውር ሳይጠይቁ ስልክዎ በድንገት «አገልግሎት የለም» ካለና ደጋግመው አጥፍተው ሲያበሩትም ካልተመለሰ ነገ አየዋለሁ ብለው አይተኙ። በሌላ ስልክ ወዲያው ወደ ኩባንያውና ወደ ባንኩ ይደውሉ። ኩባንያው መስመርዎ ላይ የምሥጢር ቁጥር እንዲያስቀምጡ የሚፈቅድ ከሆነ ያስቀምጡ።

ቁጥር ይዞ መዛወር በማይቻልበት ቦታ ያሉ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ አሮጌውን ቁጥር ጨርሶ እንዳይተዉት እለምንዎታለሁ። ኩባንያዎች የተተወ ቁጥርን ለተወሰነ ጊዜ አሳርፈው ለሌላ ሰው ይሸጡታል። ያ ሰው ሲሙን ሲያበራ የእርስዎ የባንክ መልእክት፣ የእርስዎ ቴሌግራም መግቢያ ኮድ ሊመጣለት ይችላል። ሌባ መሆን አይጠበቅበትም፤ ሳያውቀው ነው። ዘጠኝ ዓመት የቆየ ቁጥር ደግሞ የት የት እንደተመዘገበ እርስዎ ራስዎ አያስታውሱትም።

አሁን ወደ ስልኩ። በየወሩ እየከፈሉ የወሰዱት ስልክ ብዙውን ጊዜ ለዚያው ኩባንያ የተቆለፈ ነው፤ በተለምዶ ሎክ የምንለው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የባልደረባዎን ሲም ለሁለት ደቂቃ ይዋሱና ይክተቱት። ኔትወርክ ካገኘ ክፍት ነው። የመክፈቻ ኮድ ከጠየቀ ወይም ሲሙን ካልተቀበለ ተቆልፏል። አይፎን ከሆነ መዋስም አያስፈልግም፤ ቅንብሮች ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ገጽ ላይ የሲም ገደብ እንዳለበትና እንደሌለበት ይጽፋል። ክፍያው ሲያልቅ ኩባንያው ራሱ እንዲከፍትልዎት ይጠይቁ፤ የሚጠይቁዎት 15 አኃዝ ያለውን የስልኩን መለያ ቁጥር ነው፣ *#06# ሲደውሉ ይወጣል። «እኔ በአምስት ደቂቃ እከፍትልሃለሁ» ለሚል ሰው ስልክዎን አይስጡ። አንዳንዱ የስልኩን መለያ ቁጥር ይነካካል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ከሎኩ ይብሳል።

ክፍት ቢሆንም ስልክዎ የአዲሱን ኩባንያ ባንዶች፣ ማለትም የሚጠቀምባቸውን ሞገዶች፣ መደገፍ አለበት። ለአንድ አህጉር የተሠራ ስልክ ሌላው ጋ ሲሄድ አንዳንድ ባንዶች ይጎድሉታል፤ የጎደለው ያ ግድግዳ የሚያልፈው ዝቅተኛ ባንድ ከሆነ መቀየርዎ ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ፣ ቮልቲኢ የሚባለው። ቀደም ሲል ጥሪ በ2ጂ ወይም በ3ጂ ይሄድ ነበር። አሁን እነሱ እየተዘጉ ነው፤ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች 3ጂን በ2022፣ የአውስትራሊያዎቹ በ2024 እ.ኤ.አ. ዘግተዋል። 2ጂና 3ጂ በተዘጉበት ቦታ አዲሱ ኩባንያ የእርስዎን የስልክ ሞዴል ለቮልቲኢ ካልተቀበለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መደወል ግን አይቻልም። ይህን ከመክፈል በፊት የስልኩን ሞዴል ጠቅሰው ይጠይቁ። «አዎ ይሠራል» ብቻ አይብቃዎት፤ «ጥሪውም በ4ጂ ይሄዳል?» ይበሉ።

ርካሽነቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ወራት ዋጋ ነው፤ አራተኛው ወር ላይ ስንት እንደሚሆን ይጠይቁ። «ያልተገደበ» የሚለው ቃል ሥር በትንንሽ ፊደል ገደብ አለ፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይወርዳል። የሌሊት ዳታና የቀን ዳታ አንድ ላይ ተደምረው ትልቅ ቁጥር ሆነው ይቀርባሉ። እርስዎ ሌሊት ተኝተዋል። በስልክዎ ቅንብሮች ውስጥ ያለፉትን ሦስት ወራት የዳታ ፍጆታ ይዩና ለዚያ የሚበቃውን ጥቅል ከሁለቱም ያወዳድሩ። ዋይፋይ ስላለዎት የሞባይል ዳታዎ ከገመቱት ያነሰ ሊሆን ይችላል። መውጫ ወጪም አለ፤ ውል ሲያቋርጡ የስልኩ ቀሪ ክፍያ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ያንን ወጪ ሁሉ ደምረው በወር በሚያተርፉት ያካፍሉት። መልሱ ስንት ወር እንደሚፈጅብዎት ይነግርዎታል። ከአምስት ወር በላይ ከወጣ ደግሞ ክፍያውን ጨርሶ መሄድ እንደሚሻል ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም።

ለመሄድ መነሳትዎን ሲያውቅ የአሁኑ ኩባንያዎ ቅናሽ ሊያቀርብ ይችላል። ብዙዎቹ ደንበኛ እንዳይሄድ የሚያባብል ክፍል አላቸው። ችግርዎ ዋጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅናሹ ይጠቅምዎት ነበር። ቅናሽ ግን ግድግዳ አያልፍም። ከእነሱ ቅናሽ ከመቀበል ይልቅ ቤትዎ ያለበትን ቦታ፣ ሰዓቱንና ያችን ወረቀት ላይ የጻፏትን ቁጥር አስመዝግበው ቅሬታ ያቅርቡ። «ኔትወርክ አስቸገረኝ» የሚል ቅሬታ የትም አይደርስም። «ከመጋቢት ወር ጀምሮ፣ በዚህ አድራሻ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማታ ማታ -116» የሚል ቅሬታ ግን ወደ መሐንዲስ ይሄዳል። አንዳንዴ የዞረ አንቴና ወይም የተበላሸ ዕቃ ተገኝቶ በሳምንት ውስጥ ይስተካከላል። አንዳንዴ ደግሞ መልሱ «እዚያ አካባቢ ማማ ልንጨምር አላሰብንም» ይሆናል፤ እሱም መልስ ነው።

እንግዲህ ይህን ያድርጉ። አሁን ቁጥርዎን አያዛውሩ። ዛሬ ማታ ዋይፋይ ኮሊንጉን ያብሩና ይሞክሩት። ከሠራ ቢያንስ ለእነዚህ አምስት ወራት ችግርዎ ተቃልሏል፤ ኩባንያ የሚቀይሩበት አጣዳፊ ምክንያት የለም። ካልሠራ ወይም ኩባንያዎ የማይደግፈው ከሆነ የባልደረባዎን ኩባንያ ቅድመ ክፍያ ሲም ከትንሹ ጥቅል ጋር ይግዙ። ስልክዎ ክፍት ከሆነ ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ይክተቱት፤ ኢ-ሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ሲም፣ ከሆነ ደግሞ ማስገቢያም አይፈልግም። ዳታውን በአዲሱ፣ ጥሪውን በአሮጌው ላይ ያድርጉ፤ ባትሪ ትንሽ ይበላል እንጂ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ። ስልኩ የተቆለፈ ከሆነ መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ስልክ አውጥተው እዚያ ላይ ይሞክሩት፤ በጣም ያረጀ ከሆነ ግን ባንድ ስለሚጎድለው ውጤቱን ሙሉ በሙሉ አይመኑ።

ለሁለት ሳምንት ይፈትኑት። አልጋው ላይ ተኝተው በአዲሱ ሲም አሥር ደቂቃ ያውሩ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሥራ ቀንም በእረፍት ቀንም። ከቤት እስከ ሥራ ያለውን መንገድ፣ ቢሮውን፣ ቤተሰብ የሚጠይቁበትን ቦታ ይሞክሩ። ከእያንዳንዱ ቦታ ዲቢኤሙን ካለችው ወረቀት ጎን ይጻፉ። መኝታ ቤት ውስጥ በ10 እና ከዚያ በላይ የሚሻል ከሆነ፣ ሌሎቹ ቦታዎች ላይም ከአሁኑ ካልባሰ፣ መቀየሩ ተገቢ ነው። ያኔም ቢሆን የስልኩን ክፍያ ይጨርሱ፣ ሎኩን ያስከፍቱ፣ የባንክ ማረጋገጫዎን ያስተካክሉ፣ ከዚያ በሳምንት መሃል ጠዋት ላይ ቁጥርዎን ይዘው ይሂዱ። እስከዚያ ሁለቱን ሲሞች ጎን ለጎን ይያዙ፤ አሮጌው ላይ ትንሹን ጥቅል ብቻ ይተዉ። ልዩነቱ ከ10 በታች ከሆነ ግን ባሉበት ይቆዩ፣ ሲሙንም ለዳታ ብቻ ያቆዩት ወይም ይጣሉት፤ አልጋውን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት የበለጠ ውጤት ያመጣልዎታል።